የማይቆም እስክሪብቶ

የልጅ ልጄን ሰው ሁሉ ዔሊ ይላታል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር ራሴ ካላሰርኩ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እሱ ሥራ ረፍዶበት ቆሞ ይጠብቃታል። አንዱን ቋጥራ ፈታችው፤ አልወደደችውማ። ደግማ ቋጠረችው። ሁለተኛው ጫማ ላይ ስትደርስ እሱ ሊያገኘው የነበረው ደንበኛ መጥቶ ሄዷል። “ይቺ ዔሊ ናት እንጂ ልጅ አይደለችም” አለ፤ በዚያው ቀረ። እሷ ስሙን አልተቀየመችውም። ዔሊ ብለው ሲጠሯት ቀስ ብላ ዞራ ታይና “አቤት” ትላለች።

ቀርፋፋ ናት እንጂ ሰነፍ አይደለችም። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ሶፋ ሠሪ ነው። ሱቁ ከመንገድ ዳር ነው፤ እኛ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለአባቷ ስፖንጅ ትቆርጥለታለች። ሌላው ሠራተኛ ሦስት ሲቆርጥ እሷ ገና አንዱን ትለካለች፤ የሷን ቁራጭ ግን ማንም መልሶ አይከረክመውም፤ እንደተቆረጠ የሶፋው እንጨት ላይ ልክ ይገባል። አባቷ ይህን ያውቃል፤ ያም ሆኖ ሲቸኩል ይነዘንዛታል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ” ይላታል፤ “ያንቺ እንቁላል ተነስቶ እስኪሄድ ግን እኔ ሱቄን እዘጋለሁ።”

ሁለተኛ ደረጃ ከገባች ጀምሮ የቤት ሥራ እቤታችን እንደ አንድ ተጨማሪ ሰው ሆነ። አብሮን ራት ይቀመጣል፣ መብራት ይሻማል፣ ጠረጴዛ ይይዛል። ሂሳብ በየቀኑ፣ እንግሊዝኛ በየቀኑ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ እየተፈራረቁ፣ ባዮሎጂ ሥዕል ያለበት። መምህራኑ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ ልጅቷ የሱ ብቻ ትመስለዋለች። የሂሳቡን መምህር ተማሪዎቹ “ነገ ጠዋት” ነው የሚሉት። ደወል ሲደወል ሌላ ቃል አያውቅም አሉ፤ ጥያቄውን ቦርዱ ላይ ጽፎ “ነገ ጠዋት” ይልና ይወጣል። የተሠራ የቤት ሥራ ነጥብ አለው፤ ያልሠራ ውጪ ይቆማል።

አባቷ ሱቁን ሲዘጋ የጨርቅ ቁርጥራጩን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይጠርግላትና ቦታ ይሰጣታል። እሷ ትጽፋለች፤ እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ያያታል። አንድ ሁለቴ ደንበኛ ዘግይቶ ሲመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ልጄ የቤት ሥራ ላይ ናት፤ ውጪ እናውራ” ሲል ሰምቼዋለሁ። ኩራቱ ከአፉ በላይ ጆሮው ላይ ይታይ ነበር፤ ይቀላል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ ሲመጣ ያ ኩራት ተበላሸ። የቤት ሥራው ነጥብ ሁሉ ሙሉ ነው። ፈተናው ግን ከባዮሎጂ በቀር አንገት የሚያስደፋ ነበር፤ ሂሳብና ፊዚክስማ ባይነሳ ይሻላል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አላት።

“ካርዴ ነው።”

“ካርድ መሆኑንማ አይቻለሁ። ስትጽፊ ነው የከረምሽው። የጻፍሽው ሁሉ የት ገባ?”

አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ወደኔ ዞረ። “እማዬ፣ ልጅቷ አልሰነፈችም። በየቀኑ ይኸው ዓይናችን እያየ ሠራች። እንግዲህ አይገባትም ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ ነውር የለውም። እኔም አልገባኝም ነበር፤ እጄ ግን አላስራበኝም።”

የሶፋ ልብስ ይሰፋ የነበረው ሠራተኛ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ስለሄደ የስፌት መኪናው ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። ልጄ ወደዚያ አየ። “ዓመቱን ትጨርስ። ከዚህ የተሻለ ውጤት ካመጣች ትቀጥል፤ ካላመጣች መኪናው ላይ ትቀመጣለች። እሷም ታርፋለች፣ እኔም ሰው ፍለጋ ከመዞር አርፋለሁ።”

ሐሳቡ ክፉ ነው አልልም። የስፌት ሥራም ሥራ ነው። ዔሊ ግን ሌላ ነገር ትፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ አሟት ጤና ጣቢያ ወስጃት ደም ሰጥታ ስንጠብቅ፣ በመስኮት በኩል ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው አየች። ያያል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ያያል። ስንወጣ “እማማ፣ እኔ እንደዛ ሰውዬ ነው መሆን የምፈልገው” አለችኝ። ምኑ ደስ እንዳላት ጠየቅኳት። “ማንም ቶሎ በል አይለውም” አለች።

ከካርዱ በኋላ ማታ ማታ የምሠራውን ሹራብ ይዤ ጠረጴዛው ዳር መቀመጥ ጀመርኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ይቺ ልጅ ከተወለደች በኋላ፣ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ የሚማር እጅ ምን እንደሚመስል ገና አልረሳሁም። የሚማር እጅ ይቆማል። ይጽፍና ይቆማል፣ ይሰርዛል፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ዔሊ ባዮሎጂ ስትሠራ እንደዚያ ነበረች። የቅጠል ሥዕል ስትሥል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትደመስሳለች፣ ጭንቅላቷን ታካለች። አንዷ ቅጠል የራት ሰዓት ታሳልፍባታለች።

ሂሳቡ ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶው አይቆምም። ሽር ይላል። ስልኳን ደብተሩ አጠገብ ታቆመዋለች፤ ምንድን ነው ስላት “የሂሳብ ማስያ ነው እማማ” ብላኛለች። ዓይኗ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ደብተሩ፤ ገጹ ሞላ፣ ተገለበጠ፣ አለቀ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጫማ ማሰር እንኳን ቶሎ የማይሆንላት ልጅ የምትፈጥነው በሚያቅታት ትምህርት ብቻ ነው።

ሹራቤን አስቀምጬ ጠጋ አልኳት።

“ዔሊዬ፣ ባዮሎጂ ላይ ትድሂያለሽ፤ ሂሳብ ላይ ትሮጫለሽ። እንዴት ነው ነገሩ?”

“ሂሳቡ ቀሎኝ ነው።”

“የቀለለሽን ነው እንዴ የወደቅሽው?”

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። መልስ ለማምጣት ጊዜ እንደሚፈጅባት ስለማውቅ አልጎተጎትኳትም።

“አምስት ጓደኛሞች ነን” አለች በመጨረሻ። “ሁሉም መምህር በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ለአንድ ሰው አይዘለቅም። ስለዚህ ተከፋፈልን። አንዷ ሂሳብ፣ አንዷ ፊዚክስ፣ አንዷ ኬሚስትሪ፣ አንዷ እንግሊዝኛ ትሠራለች። ባዮሎጂ የኔ ነው፤ ሥዕል ስለማሳምር። ሠርተን ፎቶ እናነሳና በስልክ እንላላካለን። ከዚያ ሁሉም በራሱ እጅ ይጽፋል።”

“በራሱ እጅ።”

“ሌብነት እኮ አይደለም እማማ። ሁላችንም ሠርተናል።”

“ሠርታችኋል። ፈተናውስ ላይ አምስት ሆናችሁ ነው የምትቀመጡት?”

ዓይኗ እንባ ሞላ። “ብቻዬን አልችልም” አለች። “እኔ አንዱን ጥያቄ ሳልጨርስ ይመሻል። ባዶ ደብተር ይዤ ብሄድ ውጪ ያስቆሙኛል፣ ነጥቤም ይቆረጣል፣ አባዬም ያያል። ምን ላድርግ?”

እውነቷን ነበር፤ አንጀቴን በላችው። ለፈጣን ልጅ የተሰፋ ልብስ ለብሳ የምትንገዳገድ ልጅ ናት። ሆኖም አዝኜ ዝም ብል መኪናው ላይ ልትቀመጥ ነው። ስለዚህ ቁርጡን ነገርኳት። ከነገ ጀምሮ ፎቶ መቀበልም መላክም የለም። ሂሳብ ቅድሚያ፣ ፊዚክስ ቀጥሎ፤ ሌላው ጊዜው እስከፈቀደ። የሠራሽውን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ ያልሠራሽውን አልሠራሁም ትያለሽ። ውጪ ቢያስቆሙሽ ትቆሚያለሽ።

“ነጥቡስ?”

“ይቀራላ።”

“አባዬስ?”

“የአባትሽን ለኔ ተይው። የፎቶውን ነገር ግን እኔ አልነግረውም፤ የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ ስትዘጋጂ።”

እሺ እስክትል ከሹራቤ እጅጌ አንድ ጥቅል ክር የሚፈጅ ሠራሁ። “እሺ” ስትል ግን የምር እሺ ነበር። ይቺ ልጅ ቃሏም እንደ ስፖንጅዋ ነው፤ ከተቆረጠ ተቆረጠ።

መጀመሪያ የመጡት ጓደኞቿ ናቸው። ሁለቱ ከሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ አንዷ የበሩን መቃን ተደግፋ፦

“ዔሊ፣ ቅርፊትሽ ውስጥ ገባሽ አሉ?”

“አልገባሁም። እዚሁ ነኝ።”

“ባዮሎጂያችንን ይዘሽብን ነዋ የገባሽው። ትናንት ስንት ሰው ውጪ እንደቆመ ታውቂያለሽ?”

“እኔም ቆሜ ነበር፤ አይቻችኋለሁ።”

“እና ቅድስት ልትሆኚ ነው?”

ዔሊ አሰብ አድርጋ “ያልገባሽ ካለ ግቢና አሳይሻለሁ” አለች። “ፎቶ ግን የለም።”

“ወይ ጉድ፣ መምህር ሆነች” ብለው እየተሳሳቁ ሄዱ። ማታ ራቱ አልበላ አላት። ፈተና መውደቅ የሚያስፈራትን ያህል ብቻዋን ምሳ መቀመጥም ያስፈራት ነበር። በማግስቱ ግን ሄደች፤ ውጪ ቆመች፤ መጣች፤ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋ እየቆመ እየተነሳ ሂሳቧን ያዘች። አንዳንድ ቀን ሦስት ጥያቄ፣ አንዳንድ ቀን አንድ። ስትሳሳት ትሰርዝና ከላይ ትጀምራለች፤ ወረቀቱ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል።

ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ። ልጄ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። “በፊት ፈተናው ነበር የሚያስቸግረን” አለ፤ “አሁን የቤት ሥራውም ተጨመረ። እማዬ፣ አንቺ አጠገቧ ከተቀመጥሽ ወዲህ ነው የባሰባት።”

“ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ” አልኩት።

“ነገ ጠዋት” የሚሉትን የሂሳብ መምህር ያገኘሁት መምህራን ክፍል ውስጥ ነው። ቀጭን ሰው፣ እጅጌው ጠመኔ የነካው፣ ፊቱ የተከመረው ደብተር አገጩ ድረስ የደረሰ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ።

“እማማ፣ ልጅቷ ጎበዝ ነበረች” አለኝ። “ሥራዋ ሙሉ ነበር። አሁን አሥር ጥያቄ ስሰጥ አራት ይዛ ትመጣለች።”

“አራቱ ልክ ናቸው?”

“ሁለቱ ልክ ናቸው።”

“በፊትስ?”

“በፊትማ አሥሩም ልክ ነበር።”

“ፈተናው ላይስ?”

አየኝ፤ ከዚያ ደብተሮቹን አየ። “ገባኝ” አለ። ቀጥሎም “ከማን ነበር የምትገለብጠው?” ሲል ጠየቀኝ።

“መምህር፣ እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ልጅ ነው። የሰው ልጅ ስም ይዤ አልመጣሁም።”

ፈገግ አለ፤ ግን ፊቱ የደከመው ሰው ፈገግታ ነው። “እና ምን ላድርግ? የቤት ሥራ ልተው? ሰኞ ያስተማርኩትን ካልሠሩት ረቡዕ የለም፤ ተኖ ይጠፋል። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ ክፍሉ ጢም ያለ ነው። ሌላ መንገድ ባገኝ እኔም ይሄን ክምር ተሸክሜ አልሄድም ነበር።”

“መስጠቱንስ ይስጡ” አልኩት። “እኔም በየቀኑ ባልጽፍ ኖሮ ዛሬ የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ ሰው እለምን ነበር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከአራቱ ሁለቱን ተሳስታለች። ያቺን ስህተት ማን ያይላታል?”

እጁን የደብተሩ ክምር ላይ አሳረፈ። “እውነቱን ልንገርዎት? አላነበውም። ሞልቶ እንደሆነ አይና ምልክት አደርጋለሁ። ይሄን ሁሉ ላንብ ብል ቤቴ አልደርስም።”

ሰውየውን ወደድኩት። ሰበብ ሊደረድርልኝ ይችል ነበር። ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ እሱም መላ አመጣ። የቻለችውን ያህል ሠርታ ትምጣ፤ ከተሳሳተችው አንዱን ግን ትምህርቱ ሲጀመር ቦርድ ላይ ወጥታ ትሥራው፤ የት ላይ እንደሳተች እሱም ክፍሉም ያያል። ውጪ አያስቆማትም። “ነጥቡን ግን ልሰጣት አልችልም” አለ። “አሥሩን ለሚሠሩት በደል ይሆናል።”

“አይስጧት” አልኩት።

የፊዚክሱን መምህርም አነጋገርኩት። እሱ ግን “ሥራ ሥራ ነው እማማ፤ ያልጨረሰ አልጨረሰም” ብሎ ሸኘኝ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ ዔሊም ፊዚክስ ባለ ቁጥር ውጪ መቆሟን ቀጠለች።

ቦርዱ ከውጪው አልተሻለም። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ እስኪበቃቸው ሳቁባት። አንዱ ከኋላ “መምህር፣ ይቺ እስክትጨርስ እኛ ዲግሪ እንይዛለን” አለ አሉ። መምህሩም ሳቀ፤ ከዚያ “አንተ ና ጨርስላት” ሲለው ልጁ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ። ዔሊ ይህን ስትነግረኝ ፀጉሯ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። “ምልክቱን ሳሻግር ነበር የምስተው” አለችኝ። “ወደዚያ ማዶ ሲሄድ መደመሩ መቀነስ ይሆናል። ሁልጊዜ እዚያች ጋ ነበር የምወድቀው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም አላየውም።” ምን እንደምትል በደንብ አልገባኝም፤ እሷ እንደገባት ግን ገባኝ።

ጎረቤቶቼ “ይሄ ሁሉ የቤት ሥራ ለልጆቹ ይጠቅማል ወይስ ያደክማቸዋል?” እያሉ ሲከራከሩ አሁን አሁን እኔንም ይጠይቁኛል። እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው። ሙሉ ደብተር ይዛ ስትሄድ ባዶ ነበረች፤ ጎዶሎ ይዛ መሄድ ስትጀምር አንድ ነገር ገባባት። ብዙ መስጠት ብቻውን አያስተምርም፤ መተውም አያስተምርም። የተሳተው ነገር በሰው ዓይን ካልታየ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ልጁ የፈሰሰውን ሲለቅም ይኖራል።

ሁለተኛው ካርድ የመጣው ልጄ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ገልብጦ ጀርባውን ሲመታ ነው። ሚስማሮቹን ከአፉ አውጥቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተቀበላት። እኔ ከጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተቀምጫለሁ። ዔሊ ቆማለች።

ረጅም ጊዜ አነበበው። “የፈተናው ውጤት ከፍ ብሏል” አለ። “ሂሳብ ከግማሽ በላይ ነው። ፊዚክስ ግማሽ ላይ ተንጠልጥሏል።” ቀጠለ። “የቤት ሥራው ወርዷል። በጣም ወርዷል። ድምሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ጎድሏል። ደረጃሽም ወደ ኋላ ሄዷል።” ቀና ብሎ አያት። “ምን ነበር የተባባልነው?”

“የተሻለ ውጤት ካመጣሽ ብለኸኛል።”

“ይሄ ይሻላል?”

“ይሻላል” አለች።

“ከየት መጥቶ? ቁጥሩ ይኸውልሽ።”

“ያኛው ካርድ የኔ አልነበረም” አለች። “የአምስታችን ነበር። ተከፋፍለን እየሠራን በስልክ ፎቶ እንላላክ ነበር። አንተ በር ላይ ቆመህ ስታየኝ የነበረው ስገለብጥ ነው። ይሄኛውን ብቻዬን ነው ያመጣሁት። ጎዶሎ ነው፤ ግን ሁሉም የኔ ነው።”

ጆሮው ቀላ፤ በዚህ ጊዜ በኩራት አልነበረም። ወደኔ ዞረ። “እማዬ፣ ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“እና ዝም አልሽኝ?”

“ከሷ አፍ እንድትሰማው ነው።”

መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሁለቱን ካርዶች ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸው። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ የልጄን ፊት አውቀዋለሁ፣ ሲገፉት ይከረቸማል።

“የሚመጣው ዓመት የቤት ሥራው ይቀንሳል?” አላት።

“አይቀንስም። ይብሳል አሉ።”

“ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?”

“የቻልኩትን እሠራለሁ። ያልቻልኩትን ቦርድ ላይ ይዤ እወጣለሁ። የፊዚክሱ መምህር እምቢ ቢሉኝም በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ይሰለቻቸዋል።” ከዚያ ወደ ተሸፈነው መኪና አየች። “እዚያ ላይ ካስቀመጥከኝም እቀመጣለሁ፣ አባዬ። ግን አስብበት። አንድ የሶፋ ልብስ ሰፍቼ እስክጨርስ ደንበኛህ ወለል ላይ መቀመጥ ይለምዳል።”

ልጄ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ፊቱን በክንዱ ጠረገ። “እማዬ፣ እባክሽ ልብስ ሰፊ የሚሆን ሰው ካወቅሽ ጠቁሚኝ” አለኝ። ካርዶቹን ለሷ እየመለሰ፦ “ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስፖንጅ ትቆርጫለሽ። በዚህ ድርድር የለም።”

“እሺ” አለች፤ “ሰኞ ፈተና ከሌለ።”

“ካለስ?”

“ካለማ አንተ ትቆርጣለህ።”